ምዕራፍ 7፦ ብረቱ ሲያድግ ንፋሱ ያንሳል

ኮሮላዬ ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላት ቸርኬ ባለ 15 ኢንች ተራ ብረት ነው፤ ላዩ ላይ የፕላስቲክ ክዳን ተለጥፎበታል። ክዳኑን ሁለት ጊዜ ሌባ ወስዶብኛል። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ በገባሁበት የመለዋወጫ ሱቅ ግድግዳ ላይ ባለ 17 ኢንች የአልሙኒየም ቸርኬ ተሰቅሎ አየሁ። አምስት ቀጫጭን ክንድ አለው፤ ጠርዙ እንደ መስታወት ያበራል። ሻጩ ዓይኔን ተከትሎ «መኪናህ ቁመና ታገኛለች» አለኝ። ሌላ ማባበያ አላስፈለገውም። ቸርኬውንም ጎማውንም ገዛሁ። ለሦስት ሳምንት ያህል መኪናዬን አቁሜ ስወርድ ዞር ብዬ ሳላያት አልሄድም ነበር።

ሰኔ ገባ። አንድ ማታ በዝናብ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ ስወርድ መንገዱ መሃል ውሃ ተኝቷል። በግራዬ ሚኒባስ፣ በቀኜ የመንገዱ ጠርዝ፣ ከኋላዬ ሲኖትራክ፤ መሸሻ የለም። ገባሁበት። የሰማሁት ድምፅ የጎማ አልነበረም፤ መዶሻ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ዓይነት ነው።

በማግስቱ ጎሚስታው ጎማውን ፈትቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ ጎኑን ወደ ብርሃን አዞረልኝ። ግማሽ ሎሚ የምታክል እብጠት ወጥታለች። የቸርኬው ጠርዝም አውራ ጣት በሚያክል ቦታ ወደ ውስጥ ታጥፏል። «ጋሼ፣ ይሄ አይጠገንም» አለኝ። ጎማው ገና አዲስ መሆኑን፣ ንፋሱንም ቅዳሜ ዕለት ያስሞላሁት መሆኑን ነገርኩት። ሳቅ አለ። «ንፋሱ የት አለና ጋሼ! ብረት ነውኮ ያስገጠሙት።»

ያን ጊዜ ያላገጠብኝ መስሎኝ ተናድጄ ነበር። የተናገረው ነገር ቀጥተኛ ፊዚክስ መሆኑ የገባኝ ቆይቼ ነው።

የሚሸከመው ማን ነው?

በምዕራፍ 4 ስለ ሞላና ስለ አሞርዛተር ስናወራ፣ መኪናዋን ከመንገዱ ጉርብጥብጥ የሚያድኗት እነሱ ናቸው ብያለሁ። ግማሽ እውነት ነው። ከእነሱ ቀድሞ መንገዱን የሚቀበል ሌላ ሞላ አለ፤ ጎማው ውስጥ የታሰረው ንፋስ።

ልጅ ሳለን የተጫወትንበትን የጨርቅ ኳስ አስታውሱ። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን በክር እንጠፍረዋለን። ይንከባለላል፣ ይመታል፣ ጎልም ይገባበታል። አይነጥርም እንጂ። ድንጋይ ላይ ሲያርፍ «ጧ» ብሎ እዚያው ይቀራል። ከሀብታም ቤት ልጅ ጋር የመጣው የላስቲክ ኳስ ግን መሬት በነካ ቁጥር ይዘላል። ሲጨመቅ እሺ ብሎ የሚሸሽ፣ ጫናው ሲነሳለት ደግሞ ወደ ቦታው የሚመለስ ንፋስ በሆዱ ይዟል።

ሰረገላና ጋሪ ለብዙ ሺህ ዓመት የሄዱት በጨርቅ ኳስ ነው ማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ በእንጨት፣ ከዚያ በብረት፣ በኋላም በድፍን ጎማ። ሮበርት ዊሊያም ቶምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1845 ንፋስ የሚሞላ ጎማ ሠርቶ የፈጠራ መብት ቢያስመዘግብም ገበያ አላገኘም። እንደገና ያመጣው ሌላ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ቤልፋስት ከተማ የሚኖር የእንስሳት ሐኪም፣ ጆን ቦይድ ደንሎፕ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1888፣ ምክንያቱም የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ የሚነዱት መኪኖች ሁሉ በዚያ ልጅ መጫወቻ ሐሳብ ላይ ነው የሚሄዱት።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። እኔና ባለቤቴ የተሳፈርንባት ኮሮላ 1,400 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። ለአራት ሲካፈል አንድ ጎማ 350 ኪሎ ይደርሰዋል። ጎሚስታው «32 ሞልቼዋለሁ» ሲል፣ ንፋሱ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ኪሎ ግራም ከሩብ በሚያህል ኃይል ይገፋል ማለቱ ነው። 350 ለዚያ ሲካፈል 155 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ጎማው አስፋልቱን የሚነካበት ስፋት በግርድፉ ይሄው ነው፤ ጣቶቹን ዘርግቶ መሬት ላይ የተጫነ የአንድ ጎልማሳ እጅ ያህል። መኪናዋ የቆመችው በአራት እጅ ነው። ባለፈው ምዕራፍ ያየነው የፍሬን ኃይል ሁሉ፣ መሪ ስናዞር የሚመጣው ሁሉ፣ በእነዚህ አራት እጆች በኩል ካላለፈ ወደ መንገዱ አይደርስም።

ጎኑ ላይ የተጻፈው

የጎማ ጎን ላይ ብዙ ነገር ተጽፏል፤ ለምርጫ የምንፈልገው አንድ መስመር ብቻ ነው። የኮሮላዬ የቀድሞ ጎማ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው ወደ እኛ ፊደል ሲመለስ እንዲህ ይነበባል፦ 195/65 አር 15 91 ኤች።

195 የጎማው ወርድ ነው፤ በሚሊ ሜትር፣ ጎኑ እጅግ ካበጠበት እስከ ማዶው እብጠት የተለካ። ቀጥሎ ያለችው 65 ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ናት። ሚሊ ሜትር አይደለችም፤ በመቶኛ ናት። የጎማው ጎን ቁመት የወርዱን 65 በመቶ ያህላል ማለት ነው። የ195 ሚሊ ሜትር 65 በመቶ 127 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከቸርኬው ጠርዝ እስከ አስፋልቱ ያለው የላስቲክና የንፋስ ቁመት እሱ ነው። የመቶ ብር አሥር በመቶና የሺህ ብር አሥር በመቶ እንደማይተካከሉ ሁሉ፣ በሰፊ ጎማና በጠባብ ጎማ ላይ የተጻፈ 65 እኩል ቁመት አይሰጥም። «ሁለቱም 65 ናቸው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ወርዱን ጠይቁት።

«አር» ስለ ክሩ ነው። አብዛኞቻችን ጎማ ሁለመናው ላስቲክ ይመስለናል። ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ሲሠራ ቆሞ ያየ ሰው ግን አይሸወድም፤ ሠሪው በቢላ ሰንጥቆ በጉጠት ሲገነጥለው ውስጡ እንደ ጋቢ በክር የተደራረበ ሆኖ ይገኛል። ጭነቱን የሚችለው ክሩ ነው፤ ላስቲኩ ንፋሱን ያግታል፣ መንገዱንም ይጨብጣል። በ«አር» ጎማ ላይ የጎኑ ክሮች ከአንዱ የቸርኬ ጠርዝ ተነስተው አናቱን ተሻግረው ወደ ማዶው ጠርዝ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ፤ ከጥርሱ ሥር ደግሞ የሽቦ ቀበቶ ዙሪያውን ይታጠቃል። ሚሽላን ይህን አሠራር በ1946 እ.ኤ.አ. አስመዘገበው፤ ዛሬ ከቤት መኪና ላይ ሌላ ዓይነት ማግኘት ይቸግራል።

15 የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው፤ የጎማው ጠርዝ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ። 91 የጭነት መለያ ናት፤ ኪሎ ግራም አይደለችም፣ ከሠንጠረዥ የምትነበብ ቁጥር ናት። በሠንጠረዡ 91 ማለት 615 ኪሎ ግራም፣ 87 ማለት ደግሞ 545 ኪሎ ግራም ነው። «ኤች» ጎማው ሊችለው የሚገባ ፍጥነት ናት፤ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር። የአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ እንኳ ከ120 በላይ ስለማያስፈልገን በዚህች ፊደል እንቅልፍ አንጣ።

አልጋውና ፍራሹ

አንድ አልጋ እናስብ። ከወለሉ እስከ ፍራሹ አናት ያለው ከፍታ 63 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ተወስኗል። ከዚያ ከበለጠ እማማ መውጣት ያቅታቸዋል፤ ካነሰም ለመነሳት ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እንግዲህ ብረት ሠሪው እግሩን ባስረዘመው ቁጥር ስፖንጁ መቅጠን አለበት። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው ብረቱ ነው፤ የተጠማዘዘ፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ። ሌሊቱን ጎናችን የሚያገኘው ግን ስፖንጁን ነው፤ ስስ ከሆነም ከሥሩ ያለውን ርብራብ አንድ በአንድ እንቆጥረዋለን።

መኪናም እንደዚሁ ናት። 63 ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። በ2000ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የወጣችው ኮሮላ ከፋብሪካ ስትመጣ ከነበሯት የጎማ ልኮች ሁለቱን እንይ። የመጀመሪያው ያው የእኔ ነው፤ የቸርኬው 15 ኢንች 381 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ 127 ሲደመርበት 635 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው 205/55 አር 16 ነው። ብረቱ ወደ 406 ያድጋል፣ ጎኑ ወደ 113 ይቀንሳል፣ ድምሩ 632። ብረቱ በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ሲጨምር መንኮራኩሩ በጠቅላላው ምንም አልጨመረም ማለት ይቻላል። የጨመረው ከየት መጣ? ከንፋሱ ቤት።

እኔ የገዛሁት ደግሞ 215/45 አር 17 ነበር። ብረት 432፣ ጎን 97፣ ድምር 625። ከ127 ወደ 97 ወረድኩ፤ ሁለት ጣት የሚያህል ፍራሽ ከሥሬ ተሸልቶ ሄደ። የጎሚስታው «ንፋሱ የት አለና» ይህች ሁለት ጣት ናት። ንፋሱ በሚገባው ልክ ተሞልቶ ነበር፤ የሚሸሽበት ቦታ ነው ያጣው።

ጉድጓዱ ውስጥ የሆነው እንግዲህ ይሄ ነው። የጉድጓዱ ጠርዝ ጎማውን ይገፋል፣ ንፋሱ ይጨመቃል፣ ጎኑ ይተጣጠፋል። 127 ሚሊ ሜትር ካለው ጉልበቱ እስኪበርድ ድረስ ወደ ኋላ የሚል ስፍራ አለው። 97 ከሆነ ግን ሳይበርድ ቦታው ያልቅና የቸርኬው ጠርዝ ከድንጋዩ ጋር ይገናኛል፤ የጎማው ጎን በር እንደቆነጠጠው ጣት መሃል ላይ ይጨፈለቃል። ክሮቹ ይበጠሳሉ። ላስቲኩ ስለሚለጠጥ አይቀደድም፤ ንፋሱ በተበጠሰው በኩል ገፍቶ ያቺን ግማሽ ሎሚ ያወጣል። ይህ እብጠት ሊለጠፍ አይችልም፤ ልጥፍ ንፋስ ያግታል እንጂ ክር አይቀጥልም። በእሱ ላይ ረጅም መንገድ መውጣት በተበጠሰ ገመድ ውሃ መቅዳት ነው።

የጭነቱም ነገር አለ። የሚሸከመው ንፋሱ ከሆነ፣ የንፋሱ ቤት ሲጠብ ሸክሙም ይቀንሳል። የቀድሞ ጎማዬ 91 ነበር፣ አዲሱ 87። በአራቱ ጎማ 280 ኪሎ ግራም አቅም ተቀነሰ። የቀረው ለአንዲት ኮሮላ አሁንም ይበቃል፤ ቤተሰቡን ጭኖ ለፋሲካ በግ ኋላ ላይ አስሮ ለሚመጣ ሰው ግን ትርፉ ጠባብ ነው። ያው ልክ 91 ሆኖም ይሠራል፤ ክሩ ይጠነክርና ንፋሱ በዝቶ ይሞላል። ንፋሱ በበዛ መጠን ደግሞ ፍራሹ ይጠጥራል። ዞሮ ዞሮ እዚያው ነን።

ትልቅ ቸርኬ ጥቅም የለውም አላልኩም። አጭር ጎን አይወዛወዝም፤ መሪውን ስታዞሩ መኪናዋ ቶሎ ትታዘዛለች፣ ኩርባ ላይ አትንገዳገድም። ሰፊ የፍሬን ዲስክ ለመግጠምም ቦታ ይሰጣል። መንገዱ እንደ መስታወት በሆነበት አገር፣ መንዳት ለሚያዝናናው ሰው፣ ዋጋ ያለው ነገር ነው። እኔ ግን በቀን ሁለቴ ኮብልስቶንና ያልታወቀ ኩሬ የማቋርጥ ሰው ነኝ። ለእንደኔ ዓይነቱ ምክሬ አጭር ነው፦ ለመኪናችሁ ፋብሪካው ከፈቀዳቸው ልኮች ውስጥ ትንሹን ቸርኬ ውሰዱ።

«63ቱን ለምን አንሰብረውም? ብረቱንም ጎማውንም አናተልቅም?» የሚል አይጠፋም። የፍጥነት መለኪያው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው። ጎማው በ3 በመቶ ቢተልቅ መለኪያው 100 ሲል እናንተ በ103 እየሄዳችሁ ነው። ማርሹም የተሰላው በዚያው ክብ ነው፤ ክቡ ሲተልቅ ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል። መሪው እስከ ጥግ ሲዞርም ጎማው ፓራፋንጎውን ይልጠዋል። ስለዚህ ጠቅላላ ልኩ ከቀድሞው ከ3 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ማድረግ የተለመደ ገደብ ነው። ቸርኬው ላይ ደግሞ የቡሎኖቹ ብዛትና ርቀት መግጠሙ አይበቃም፤ ጎማውን ከቀድሞው ይልቅ ወደ ውጭ ካወጣው ሸክሙ በኩሽኔታው ላይ ይዞራል። በየስድስት ወሩ ኩሽኔታ የሚቀይር ጎረቤት አለኝ። ቸርኬው በጣም ያምራል።

ጭቃ የያዘ ጫማ

ሐምሌ ላይ ገጠር የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጫማ ላይ የተለጠፈ አንድ ኪሎ ጭቃ፣ ትከሻ ላይ ከተሸከሙት አምስት ኪሎ የበለጠ ያደክማል። እግር በተነሳ ቁጥር ይነሳል፣ በወረደ ቁጥር ይወርዳልና። የመንኮራኩር ክብደትም የጫማ ጭቃ ነው። ሞላው ከላዩ ያለውን መኪና ይሸከማል፤ ቸርኬና ጎማ ግን ከሞላው በታች ናቸው፣ ጉድጓድ ባገኙ ቁጥር ራሳቸው ይዘላሉ። ይሽከረከራሉም፤ ክብደቱ ወደ ዳር በወጣ ቁጥር ለማስነሳትም ለማቆምም ይከብዳል። የትልቅ ቸርኬ ብረት ደግሞ የሚበዛው ዳር ላይ ነው። አልሙኒየም ቀላል ነው ማለት ተገቢ የሚሆነው ልኩ ያው ሲሆን ነው።

ስለ ስፋት

ሰፊ ጎማ መንገዱን ይበልጥ ይጨብጣል የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። ቅድም የሠራነውን ሒሳብ መለስ ብላችሁ እዩት፤ የጎማ ወርድ የሚባል ነገር አልገባበትም። ክብደትና ንፋስ እኩል ከሆኑ መሬት የሚነካው ስፋትም በግርድፉ እኩል ነው። የሚለወጠው ቅርጹ ነው፤ ጠባቡ ጎማ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ረዘም ያለ አሻራ ይተዋል፣ ሰፊው አጠር ብሎ ወደ ጎን የተዘረጋ። ደረቅ አስፋልት ላይ በኩርባ ሰፊው ይሻላል። ውሃ ላይ ግን የጣናን ታንኳ አስቡት። አፍንጫው የሾለው ውሃውን ከፍሎ እንዲያልፍ ነው። በጠፍጣፋ ሳፋ የሚሄድ ሰው ውሃውን መክፈል ስለማይችል ላዩ ላይ ይቀመጥበታል፤ ሰፊ ጎማም በፍጥነት ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ሳፋው ሊንሳፈፍ ይችላል። ያኔ መሪ ብታዞሩ፣ ፍሬን ብትይዙ፣ ከታች የሚሰማችሁ የለም።

ውሃውን የሚያሳልፈው ጥርሱ ነው። የአዲስ ጎማ ጥርስ ጥልቀት 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ትንንሽ ድልድዮች አሉ፤ ጥርሱ አልቆ ከድልድዩ እኩል ሲሆን 1.6 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፣ በብዙ አገር ሕግም ከዚያ ወዲያ መንዳት አይፈቀድም። እኔ ግን 3 ሚሊ ሜትር ላይ የደረሰ ጎማ ይዤ ሰኔን አልገባም።

«የክረምት ጎማ» የሚባለው

የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ ግን ገንዘብ ያስወጣል። ፈረንጆች ለቅዝቃዜው ወቅታቸው የሚሠሩት ጎማ አለ፤ ጎኑ ላይ ተራራና መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት። እኛ ዘንድ ሲተረጎም «የክረምት ጎማ» ይባላል። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ የእነሱ በረዶ። ይህ ጎማ የተሠራው ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች በሚሆንበት ቦታ ሳይደርቅ ለስላሳ እንዲሆን ነው። ስዊድን ያለ ዘመዳችሁ ከታኅሣሥ መባቻ እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ መንገዱ በረዶ ሲይዝ ያለ እሱ መንዳት በሕግ አይፈቀድለትም፤ ይፈልገዋል። በእኛ ፀሐይ ግን ያው ልስላሴው ጥፋት ይሆንበታል፤ ጥርሱ እንደ ላጲስ ያልቃል፣ ፍሬን ሲያዝም ይለመጣል። ከቀዝቃዛ አገር በመጣች ያገለገለች መኪና ላይ የበረዶ ቅንጣቷን ካያችሁ «ለክረምት ይሆነኛል» ብላችሁ አታስቀምጡት።

ያልተነዳ ጎማም ያረጃል

ሳይነዳ የተቀመጠ ጎማ አዲስ ይመስላል። ላስቲክ ግን ፀሐይና አየር ባገኘው ቁጥር ይደርቃል፤ ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ የጭቃ ሜዳ ስንጥቅጥቅ ይወጣበታል። የተሠራበት ጊዜ ተደብቆ አልተቀመጠም። ዲ ኦ ቲ በሚሉት የላቲን ፊደሎች የሚጀምረውን ጽሑፍ ተከትላችሁ ሂዱ፤ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ቢል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው፤ በእኛ ከግንቦት 2011 መጨረሻ እስከ ሰኔ መባቻ። 19ኙን አይቶ የእኛን 2019 ዓ.ም. የሚያስብ ሰው ጎማውን ከዕድሜው እጅግ ወጣት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። አምስት ዓመት ያለፈውን በየዓመቱ በባለሙያ ማስፈተሽ፣ አሥር የሞላውን ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም ማስወገድ ጎማ ሠሪዎች ራሳቸው የሚመክሩት ነው። ኋላ የተሰቀለውም ስኮርታ በዚህ ሕግ ይገዛል፤ ማንም አያየውም እንጂ።

ከባዷ እንግዳ

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባን የሞሏት የኤሌክትሪክ መኪኖች ስለ ጎማ ያለንን ልማድ እየፈተኑት ነው። ባትሪው ከባድ ነው፤ ፎልክስቫገን አይዲ 4 ሁለት ቶን አካባቢ ትመዝናለች፣ ኮሮላዬን ከነግማሿ። ያን የሚሸከም ንፋስ ትልቅ ቤት ስለሚፈልግ ጎማዋ ሰፊም ቁመታምም ነው። የሞተሩ ጉልበት ገና መርገጫው ሲነካ ስለሚመጣ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል። በብዙዎቹ አይዲ 4 ላይ የኋላው ጎማ ከፊቱ ይሰፋል፤ ስለዚህ እኛ በለመድነው መንገድ የፊቱን ኋላ እያዘዋወሩ ማስረጀት አይሆንም። እዚህ ላይ የጭነት መለያዋን ቁጥር ዝቅ አድርጎ መግዛት ቀልድ አይደለም።

ጎሚስታው ዘንድ

የሾፌሩን በር ስትከፍቱ፣ በሩ የሚዘጋበት ምሰሶ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የጎማው ልክና የንፋሱ መጠን እዚያ ላይ አለ፤ ብዙ ሰው አሥር ዓመት ነድቶ አንብቦት አያውቅም። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የንፋስ ቁጥር ሌላ ነው፤ እሱ ጎማው ሊችል የሚገባው ከፍተኛው ነው፣ 44 ወይም 51 ሊል ይችላል። እሱን እያየ የሚሞላ ጎሚስታ አይቻለሁ፤ ፍራሹን ሰሌዳ አደረገው።

ንፋስ የሚለካው ማለዳ፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። እዚህ ላይ ለደጋ ሰው አንድ ጨዋታ ላውጋ። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ በ1,000። መለኪያው የሚያሳየው የውስጡን ንፋስ ከውጭው አየር ጋር አነጻጽሮ ነው። ስትወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ አዲስ አበባ ላይ 32 ያለው ወደ 30 ይወርዳል። ቆላው ደግሞ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ያንኑ ሁለት ያህል መልሶ ይጨምርለታል። ወደ ሐረር ስወርድ አንዱ ሌላውን ሲያካክስ ማየት ደስ ይለኛል፤ ባለቤቴ ግን መኪና አቁሜ ንፋስ ስለካ እንደማትደሰት በግልጽ ነግራኛለች።

አቅም አንሶ ሁለት ጎማ ብቻ ከገዛችሁ አዲሶቹ ወደ ኋላ ይግቡ። ጎሚስታው ይከራከራችኋል፤ «የሚጎትተው የፊቱ ነው» ይላል። ልክ ነው፣ የሚጎትተው የፊቱ ነው። ነገር ግን የፊቱ ሲንሸራተት መኪናዋ ወደ ፊት ትዘልቃለች፣ እግራችሁን ስታነሱ ትመለሳለች። የኋላው ሲንሸራተት ግን ትሽከረከራለች፤ እሱን የሚመልስ ሾፌር ጥቂት ነው።

የእኔ ጉዳይ እንዴት አለቀ? ባለ 15ቹ የብረት ቸርኬዎች ሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ተደራርበው ዝገት ጀምረው አገኘኋቸው። አስጠረግኩ፣ ቀለም አስቀባሁ፣ አዲስ 195/65 አስገጠምኩ። ጎሚስታው ባላንስ ሠርቶ ቡሎኑን ሲያጠብቅ ቀና ብሎ አየኝና «አሁን ንፋስ አለው» አለ።

አሥራ ሰባቶቹን አንድ ወጣት ሊገዛ መጣ። የታጠፈው ጠርዝ ተቃንቶ ነበር፤ ሆኖም ሳልደብቅ ቦታውን በጣቴ አሳየሁት፣ የሳሪሱንም ጉድጓድ ነገርኩት፣ ስለ ፍራሹ ሁሉ አወራሁለት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ተራምዶ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ተመለከተውና «ከዚህ አይታይም አይደል?» አለኝ።

አይታይም ነበር። ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝ።